የፊንሌ እሳት

ጭሱ ከየጣሪያው አንድ በአንድ ይጠፋ ጀመር። መጀመሪያ ከወንዙ ማዶ የአንጥረኛው ቤት ጠፋ፤ ቀጥሎ ወፍጮ ቤቱ፤ ከዚያ በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ የተጠጋጉት ጎጆዎች ተከታተሉ። ማርሳሊ ከኮረብታው ወገብ ላይ፣ ከራሷ በራፍ ቆማ ቁልቁል ታያለች። ሰው በሞተበት ቤት እንኳ ጭስ ይወጣል። ሸለቆው በሙሉ ጭስ አልባ ሲሆን በዕድሜዋ ስታይ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

ልጇ ሞራግ ባዶ ባልዲ አንጠልጥላ፣ ቀሚሷን ሰብስባ ዳገቱን ስትሮጥ ደረሰች።

«አጠፋሁት፣ እማዬ!» አለች ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «ውሃውን ስደፋበት ልጆቹ አለቀሱ። ትንሿማ ‹እናቴ እሳቱን ገደለችው› ብላ ለጎረቤት ልትከሰኝ ወጣች።»

«ላሟስ?»

«አፍንጫዋ ይፈሳል። ዓይኗም እንደዚያው። ግን ገና ቆማለች።»

ያቺ ጥቁር ላም ለሞራግ የቀረቻት አንዲት ናት። ባሏ ከተራራ ላይ ወድቆ እግሩን ከሰበረ ወዲህ ሦስቱ ልጆች የሚኖሩት በእሷ ወተት ነበር። የከብቱ በሽታ ከደቡብ፣ ከእንግሊዞች አገር ተነስቶ ሽቅብ ሲመጣ፣ የሸለቆው ሰው «በሰይፍ ያልጨረሱንን በከብቶቻችን ሊጨርሱን ነው» እያለ በምሬት ይቀልድ ነበር። አሁን ግን ቀልዱም አልቋል። ከብት የሌለው ሰው በዚያ አገር ላም አለኝ በሰማይ እያለ ክረምቱን አይወጣም።

የቀረው የአባቶች መድኃኒት ነበር፤ የጭንቅ እሳት። ወንዶቹ እንጨትን ከእንጨት አፋጭተው አዲስ እሳት ያዋልዳሉ፤ ከብቱ በጭሱ መሀል ይነዳል፤ ከዚያ እያንዳንዱ ቤት ከአዲሱ እሳት ፍም ይወስዳል። ሕጉ አንድ ነው። አዲሱ እሳት እስኪወለድ ድረስ በሸለቆው ውስጥ አንድም ምድጃ መንደድ የለበትም። ሁለት እሳት በአንድ ሸለቆ አይነግሥም ይላሉ ሽማግሌዎቹ።

ማርሳሊ ውሃውን ቀድታ ከበሩ ጀርባ አስቀምጣዋለች። ከንጋት ጀምሮ እዚያው ነው።

ጥቂት ቆይቶ አያ ቶርኪል በከዘራው እየተደገፈ ብቅ አለ። ለዚህ ሥራ ሰው ብረት ይዞ መቅረብ ስለማይፈቀድለት ቢላዋውን ፈቷል፤ የቀበቶውም ዘለበት ብረት ነውና ቀሚሱን በሣር ገመድ ታጥቋል። አንድ እግሩ ከድሮው ጦርነት ወዲህ አይታጠፍም።

«አያ ቶርኪል፣ ቀበቶህን ማን ወሰደው?» አለች ማርሳሊ። «ወይስ በስተርጅና ልትመነኩስ ነው?»

«ለመመንኮስ የሚካድ ነገር ያስፈልጋል። እኔ ምን አለኝ?» አለና ፈገግታው ወዲያው ጠፋ። «ማርሳሊ፣ ያንቺን አታጥፊው።»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ከሽማግሌዎቹ ጋር ተነጋግረናል። ሕጉ ለኛ ምድጃ እንጂ ለፊንሌ እሳት አልወጣም። የሱ እሳት የሸለቆው ብቻ አይደለም፣ የአገር ነው።»

«እሳት ሰው ይለያል እንዴ?»

«ይሄኛው ይለያል» አለ። ዓይኗን ሳያይ ፊቱን አዞረና ቁልቁለቱን ተያያዘው።

ሞራግ ደረቷን በእጇ ይዛ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። «እሰይ! እኔ ደግሞ እንዴት አድርጌ እነግራታለሁ እያልኩ ነበር የመጣሁት። ጀግናው ያቀፈኝ ከዚህ እሳት አጠገብ አይደል?»

ማርሳሊ ከበሩ ጀርባ ወዳለው ውሃ ዞር ብላ አየች።

ረጅሙ ፊንሌ ማን እንደነበረ ለዚያ ሸለቆ ሰው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። የእንግሊዙ ንጉሥ አገሩን ጠቅልሎ በያዘበት ጊዜ፣ ሹማምንቱ ሁሉ ተንበርክከው እጅ ሲነሱ፣ እሱ የትንሽ ባላባት ሦስተኛ ልጅ ሆኖ አልንበረከክም አለ። ገበሬውንና እረኛውን ሰብስቦ ጠላትን በወንዝ መሻገሪያው ላይ አርበደበደ። ከዓመት በኋላ በትልቁ ሜዳ ላይ ተሸነፈ። ከዚያ ሰባት ክረምት በጫካ ኖሮ፣ የገዛ ወዳጁ ሸጠውና እንግሊዞች በከተማቸው ሰቅለው፣ ገላውን አራት ከፍለው በአራት በር ላይ አንጠለጠሉት። እናቶች እስከ ዛሬ ስሙን እያነሱ ልጅ ያስተኛሉ።

ወደ ትልቁ ሜዳ ሲወርድ ያደረው እዚህ፣ በማርሳሊ ቤት ነው። ያንን ሌሊት አሳምሮ የሚያወራው ቶርኪል ነበር። ከሸለቆው ተከትለውት ከወረዱት ወንዶች ተመልሶ የመጣው እሱ ብቻ ነውና ማን ይከራከረዋል? ፊንሌ ገና በበሩ ሲገባ ራሱ ከጣሪያው ወጋግራ ጋር ተጋጨ ይላል። ሰይፉን መዘዘና እዚህ ምድጃ ውስጥ ከተተው፤ ብረቱ ነጭ እስኪሆን ጠበቀ፤ ከዚያም «ይህ እሳት ካልጠፋ አገሬ አትጠፋም!» ብሎ ማለ። አዝማሪዎች ወሬውን ወስደው በክራር አስጌጡት። የፊንሌ ቁመት በየዓመቱ ይጨምር ነበር። ሞቶ ያደገ ሰው ቢኖር እሱ ብቻ ነው።

ወሬው ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማው ከሽንፈቱ በኋላ በመጣው የበረዶ ወራት ነበር። ያን ጊዜ ማርሳሊ ባሏን አጥታ፣ ጨቅላ ልጅ ታቅፋ፣ የምታነደው ጨርሳ የሸማ መሥሪያዋን እግር እየሰበረች ወደ ምድጃው ትከት ነበር። በዚያ ተራራ ላይ እንጨት የለም። ሰው የሚያነደው ከረግረጉ እየቆረጠ በበጋ የሚያደርቀውን ጥቁር የአፈር ጓል ነው፤ እሱን መቁረጥ ደግሞ የጠንካራ ወንድ ጉልበት ይፈልጋል። ቶርኪል ያንን ታሪክ በየቤቱ እያነከሰ ሲያወራ ሰነበተና፣ አንድ ጠዋት የአንጥረኛው ሚስት አንድ ቅርጫት ጓል በራፏ ላይ አስቀምጣ ሄደች። «ለፊንሌ እሳት» አለች። በማግስቱ ሌላው መጣ። እነሆ ከሃያ ዓመት በላይ፣ መኸር በመጣ ቁጥር ሁሉም ቤት አንድ አንድ ቅርጫት ያመጣል። ማርሳሊም ሁሉንም አመስግና ተቀብላለች፤ ማታ ማታ አዳፍና፣ ጠዋት ጠዋት ገልጣ፣ እሳቱን ለአንድ ቀን እንኳ ሳታጠፋ ኖራለች።

ወንዶቹ ሥራውን የጀመሩት ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ባለችው ጉብታ ላይ ነበር። ከሩቅ ደን ተጎትተው የመጡ ሁለት ወፍራም የባሉጥ ዛፍ ምሰሶዎች ተተክለዋል፤ በመሀላቸው አንድ ግንድ ጫፍና ጫፉ በየምሰሶው ጉድጓድ ገብቶ ተጋድሟል፤ በግንዱ ላይ ገመድ ተጠምጥሟል። በአንዱ ጫፍ ያሉት ሲስቡ፣ በሌላው ያሉት ይለቃሉ፤ ግንዱ ወዲያና ወዲህ ይሽከረከራል፤ በጉድጓዶቹ አፍ የታጨቀው ደረቅ የዛፍ እንጉዳይ እንዲቀጣጠል ይጠበቃል። ሴቶቹ ከብቱን ይዘው ከታች ቆመዋል። ሞራግ ጥቁር ላሟን በአንገቷ አቅፋ ጆሮዋ ውስጥ ታንሾካሹካለች።

ፀሐይ ከፍ አለች። ግንዱ አለቀሰ፤ የተቃጠለ እንጨት ሽታ መጣ፤ ክር የመሰለ ቡናማ ጭስ ታየና ጠፋ። ደከሙ፤ ሌሎች ተተኩ። ገመዱ ተበጠሰ፤ ሌላ ገመድ መጣ። ደግሞ ክር የመሰለ ጭስ ታየ፤ ደግሞ ጠፋ። ሰዎቹ ላባቸውን ሲጠርጉ ዓይናቸው እየሰረቀ ወደ ኮረብታው ወገብ ይሄዳል። በሸለቆው ውስጥ አንድ የጭስ ምሰሶ ብቻ ወደ ሰማይ ይወጣል።

በመጨረሻ ቤታግ የምትባለው የወፍጮ ቤቱ ባልቴት፣ ምላሷ ከድንጋይ ወፍጮዋ የማይተናነሰው፣ ለራሷ የምታወራ መስላ፣ «ጀግናውስ ጀግና ነው፤ ነፍሱን ይማር። ላሞቼ ግን ጀግና አያውቁም» አለች።

«ቤታግ!» አለ ቶርኪል ከላይ ሆኖ። «ምላስሽን አዳፍኚ!»

«እሱንስ አዳፍናለሁ። አንተ ያልጠፋውን አጥፋ።»

«ገመዱን አጥብቁ!» ብሎ ጮኸ ቶርኪል ወደ ወንዶቹ ዞሮ። ድምፁ ተሰነጠቀ።

ማርሳሊ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ የግንዱን ልቅሶ ትሰማለች፤ ልቧ ግን እዚህ አልነበረም። ዱጋልድን እያየች ነው። ዱጋልድ ባሏ።

ያን ሌሊት ዝናብ ነበር። ፊንሌ ሲገባ ራሱ ከምንም ጋር አልተጋጨም፤ ከዱጋልድ እንኳ ትንሽ ያጥር ነበር። ያስል ነበር። ሰይፉን በር ላይ አስቀምጦ፣ እሳቱ ላይ የዘረጋው የራሰ የእግር ጨርቁን ነው፤ ቤቱን በሙሉ አገማው። የአጃ ገንፎ አቀረበችለት፤ እስከ ጥፍጣፊው ጨረሰ። ሞራግን አቀፋት፤ እዚያው ጭኑ ላይ ሸናችበት። ዱጋልድ በሳቅ ፈነዳ። ሳቁ ከሆዱ ተነስቶ ትከሻውን እያንቀጠቀጠ የሚወጣ ሳቅ ነበር፤ አብሮት የማይስቅ ሰው አልነበረም። ፊንሌም ሳቀ። ምን ያህል ልጅ እንደሆነ ያን ጊዜ ነው ያየችው።

ተከታዮቹ በቤቱ ታችኛው ጫፍ፣ ከሣር መጋረጃው ማዶ፣ ከከብቱ ጋር ተኝተዋል። ቶርኪልም ከነሱ ጋር ያንኮራፋል። እሷ እሳቱን ልታዳፍን ስትነሳ ፊንሌ እጇን ያዝ አደረገ።

«እናቴ ከሞተች ወዲህ ቤት ውስጥ እሳት ሲዳፈን አላየሁም» አለ። «ዛሬ እኔ ላዳፍን?»

ፍሙን በሥላሴ ስም ሦስት ቦታ ከፈለ። ቅድስት ብሪጂት ቤቱንና በቤቱ ያለውን ሁሉ እንድትጠብቅ እናቱ ትጸልየው የነበረውን ጸለየ። ከዚያ አመዱን ከመረበት፤ በመዳፉ ደለደለው፤ ጠቀጠቀው። እሱ የመጣው ከእንጨት አገር ነው። የእንጨት ፍም እንዲያ ተቀብሮ ያድራል። ጓል ግን ካልተነፈሰ ይሞታል። ማርሳሊ አየች። ግን እንግዳን፣ ያውም ጌታን፣ በእናቱ ጸሎት መሀል ተሳስተዋል የሚል ማን ነው? ዝም አለች።

ጠዋት አመዱን ስትገልጥ ከሥሩ አንዲት ብልጭታ አልነበረችም።

ጦር በሚወጣበት ጠዋት ምድጃ ከጠፋ፣ የጦሩ ነገር አበቃ ይባላል። ይህን የማያውቅ የለም። ሰዎቹ ከደጅ ጫማቸውን እያሰሩ ነው። የፊንሌ ፊቱ ራሱ አመድ መሰለ። «በገዛ እጄ» አለ በሹክሹክታ። «በገዛ እጄ አጠፋሁት።»

ዱጋልድ የጠፋውን ምድጃ አየ፤ ጌታውን አየ፤ ያ ሳቁ ትከሻውን ያንቀጠቅጠው ጀመር። «ጌታዬ፣ እርስዎ ሰይፉን ይያዙ፤ አመዱን ለሴቶች ይተዉ» አለና ተንበረከከ። ባልጩቱን ከቢላዋው ጀርባ ጋር አጋጨ፤ ብልጭታውን በደረቅ የዛፍ እንጉዳይ ተቀበለ፤ ጎንበስ ብሎ እፍ ሲል ነበልባሉ ቦግ ብሎ የጢሙን ጫፍ ለበለበው። «እነሆ! ማን አየ? ማንም አላየ። ለማንም አንናገርም።» ፊንሌ አንገቱን አቅፎ ሳመው።

ዱጋልድ ልጁን ስሞ፣ ሚስቱን ስሞ፣ የተለበለበ ጢሙን እየዳሰሰ ወጣ። ቁልቁለቱን ሲወርዱ ይዘፍኑ ነበር። ያን የመሰለ ዘፈን በዚያ ሸለቆ ዳግም አልተሰማም፤ ድምፁ የነበራቸው ሁሉ አልተመለሱምና። ዱጋልድ የተቀበረበትን እንኳ የሚያውቅ የለም። ግጥም አልተገጠመለትም። ከእሱ የቀረው ያ እሳት ነበር።

«እማዬ!»

የሞራግ ጩኸት ነበር። ጥቁሯ ላም በፊት እግሮቿ ተንበርክካለች። ሞራግ ቀንዷን ይዛ ልታነሳት ትታገላለች። ማርሳሊ ከድንጋዩ ተነሳች፤ ማንንም ሳታይ ዳገቱን ወጣች።

ሞራግ ላሟን ለቤታግ ትታ ስትከተላት፣ እናቷ ባልዲውን ይዛ ምድጃው ፊት ቆማ አገኘቻት።

«ምን ልታደርጊ ነው? እማዬ፣ ተይ! የፊንሌን እሳት?»

«የፊንሌ አይደለም።»

«ምን?»

«ፊንሌ አጥፍቶት ነው ያደረው። አመዱን ጠቅጥቆ ገደለው። ጠዋት እንደገና ያነደደው አባትሽ ነው። በባልጩቱ። ጢሙን እስኪለበልበው እፍ ብሎበት። ከዚያ ወጣ፤ አልተመለሰም።»

ሞራግ ግድግዳውን ተደገፈች። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«ለማንም አንናገርም ብሎ ነበር፤ የመጨረሻ ቃሉ እሱ ነው። በኋላ ደግሞ ቶርኪል ያንን የሰይፍ ተረት አመጣ። ብርድ ነበር፤ አንቺም ገና ጡት አልጣልሽም። ዝም አልኩ። ማርሳሊ የጀግና እሳት ትጠብቃለች ይላሉ። እኔ የባሌን ነው ስጠብቅ የኖርኩት።»

ሞራግ ቀስ ብላ ምድጃው ፊት ተንበረከከች። በሕይወቷ ሁሉ ጀግናው አቀፈኝ እያለች ስትኮራ የኖረች ሴት፣ አባቷን ግን በምንም የማታውቀው፣ ሁለት እጇን ወደ እሳቱ ዘረጋች። ከዚያ ፊቷን አስጠጋች። ሙቀቱ ጉንጯን አቀላው። ውጭ ያለው ሁሉ እየጠበቀ መሆኑን ታውቃለች፤ ላሟ መንበርከኳን ታውቃለች። ቢሆንም ለጥቂት ጊዜ እዚያው ቆየች፤ ማርሳሊም አላጣደፈቻትም።

«ምን ይመስል ነበር?» አለች ሞራግ።

«ስትስቂ ትመስይዋለሽ። ከብት ይወድ ነበር። ይሄን ሲያይ እስካሁን ምን ትጠብቃላችሁ ባለን ነበር።»

ማርሳሊ ባልዲውን አነሳች፤ እጇ ግን አልታዘዝ አላት። ሞራግ ከእጇ ተቀበለቻት። «ላሟ የኔ ናት» አለችና ደፋችው። እሳቱ ጮኸ። ነጭ እንፋሎት ቤቱን ሞላው፤ ሁለቱ ሴቶች በውስጡ ተቃቅፈው ቆሙ። ማርሳሊ በሃያ ዓመት ውስጥ ለዱጋልድ ያላለቀሰችውን ያን ጊዜ አለቀሰችለት።

እንባቸውን ሳይጠርጉ ከታች ጩኸት ተሰማ። እሳቱ ይዟል። አንዳንዱ ሰው አዲሱ ገመድ የተሻለ ስለነበረ ነው ይላል፤ ሌላው ነፋሱ ስለቆመ ነው ይላል። የሸለቆው ሰው ግን ኮረብታው ወገብ ላይ ያለው ጭስ ሲቆም አይቷልና አይከራከርም። ከብቱ በጭሱ መሀል ተነዳ። ጥቁሯን ላም አራት ሰው ደግፎ አሳለፋት፤ ማዶ ስትደርስ በራሷ እግር ቆማ አነጠሰች። ቤታግ «ይማርሽ» አለቻት።

አመሻሹ ላይ ቶርኪል ራሱ አዲሱን ፍም በሸክላ ድስት ይዞ ዳገቱን ወጣ። ምንም ሳይናገር በእርጥቡ ምድጃ ላይ ደረቅ ጓል ደረደረ፤ ፍሙን አስቀመጠ፤ በአፉ እፍ አለ። ሲቀጣጠል ብቻ ቀና አለ። ዓይኑ ቀልቷል።

«አያ ቶርኪል» አለች ማርሳሊ፣ «ከእንግዲህ ጓል እንዳያመጡልኝ ንገራቸው። ያ እሳት የፊንሌ አልነበረም። ያን ጠዋት...»

ቶርኪል እጁን አነሳ። «የዱጋልድ ጢም ሲቃጠል ሽታው እኔ ድረስ መጥቷል።»



«ታንኮራፋ አልነበረም?» አለች ማርሳሊ።

«የማንኮራፋ መሆኔን ሰው ሁሉ ያውቃል። መንቃቴን ግን ማን ይጠረጥራል? በመጋረጃው ቀዳዳ ሁሉንም አየሁ።» የማይታጠፍ እግሩን ዘርግቶ ተቀመጠ። «ሜዳው ላይ እግሬን ሲወጉኝ ከላዬ ቆሞ የተከላከለልኝ ዱጋልድ ነው። እኔ ተርፌ መጣሁ። አንቺ የሸማ መሥሪያሽን ታነጂ ነበር። ለዱጋልድ ሚስት ጓል አምጡ ብል ማን ያመጣል? ሁሉም ቤት የየራሱ ሙት ነበረው። ስለዚህ ሰይፉን ፈጠርኩ።»

ማርሳሊ አፏን በሻሿ ጫፍ ሸፈነች። የተናገረችው ሞራግ ናት፤ ቁጣም ልቅሶም በድምጿ ነበር።

«ታዲያ አባባ ቶርኪል፣ ይህን ሁሉ እያወቁ ጠዋት ለምን አይጥፋ አሉ? ከብቱ እያለቀ? የፊንሌ እንዳልሆነ እያወቁ?»

ሽማግሌው ሰው እሳቱን እንጂ እሷን አላየም።

«የፊንሌማ ቢሆን ኖሮ፣ ልጄ፣» አለ፣ «ጠዋት በገዛ እጄ ባጠፋሁት ነበር።»